አከራዬ ንብ ገብቷል ብለው ኪራይ ሳይጨምሩብኝ ቀሩ

ሱሉልታ የምኖርበት ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት አለ። ትልቁ የአከራዬ ነው፣ ከጀርባው ያለችው ሰርቪስ የኔ። የሚያዋስነን አንድ የብሎኬት ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ማድ ቤት፣ ወዲህ ደግሞ የኔ አምፕሊፋየርና ከቁም ሳጥኔ የማይተናነሱ ሁለት ስፒከሮች።

ችግሩ የተጀመረው ቴሌቪዥኑን በነዚህ ስፒከሮች ልስማ ብዬ የዲሹን ሪሲቨር ከአምፕሊፋየሩ (ከአምፑ) ጋር ያገናኘሁ ቀን ነው። «እምምምም» ይላል። ቻናል ቀየርኩ፣ እምምም። ሪሲቨሩን አጠፋሁት፣ አሁንም እምምም። የአምፑን ድምፅ ስጨምር አብሮ ይጨምራል፣ ስቀንስ ይቀንሳል። ዘፈን ሞቅ ካለ ይሸፍነዋል፣ ክራር ከተከፈተ ግን አለቀ፤ ክራር ደርዳሪው አጠገብ አንድ ወፍጮ ቤት የተከፈተ ነው የሚመስለው።

አንድ ጠዋት እትዬ እንጀራ እየጋገሩ ነበር። ምጣዳቸውን ጥለው መጥተው በሬን ደበደቡት፣ እጃቸው ገና ሊጥ አለበት።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ኮርኒስ ውስጥ ምንድን ነው የገባው?»

መልስ ሳልሰጥ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ስፒከሩ ግድግዳውን ተደግፎ ስለቆመ እምምታው ብሎኬቱን አልፎ ማድ ቤታቸው ድረስ ይሄዳል ለካ። ትንሽ አዳመጡና ፊታቸው በራ።

«ንብ ነው! ንብ እኮ ነው የገባልን!» አሉና እልልታቸውን አቀለጡት።

ጊዜው ጥቅምት ነው፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል፣ የንብ መንጋ ማየት ብርቅ አይደለም። ንብ ቤት ገባ ማለት ደግሞ ሲሳይ ገባ ማለት ነው፤ አይነካም፣ አይባረርም። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የኤሌክትሪክ...» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ስማ ልጄ፣ ስለ ኪራዩ ላነጋግርህ አስቤ ነበር። ሁሉም ሰው ጨምሯል፣ እኔም ልጨምር ብዬ ነበር። አሁን ግን ተወው። ንብ ያስገባልኝን ሰው በምን አፌ ጨምር እለዋለሁ?»

እኔም ባጭሩ «አሜን» አልኩ። እናንተስ ብትሆኑ?

ለነገሩ ንብ እንዲህ አትልም። ንብ ክንፏን የምታርገበግበው በሰከንድ ወደ 230 ጊዜ ነው። የኔዎቹ «ንቦች» ግን የአገራችን መብራት በሚሄድበት ልክ፣ በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ነው የሚያጉረመርሙት፣ ከላዩ ደግሞ 100 እና 150 ኸርዝ ይጨመርበታል። በጣም ወፍራም ድምፅ ያላት ንብ ናት። ግን እትዬን ቁጭ አድርጎ ስለ ኸርዝ የሚያስረዳ ማን ነው? ኪራይ ሊጨመርበት የነበረ ሰው?

ቢሆንም ክራሬን ያለ ወፍጮ መስማት እፈልጋለሁ። ስለዚህ በድብቅ መፍትሔ ፍለጋ ጀመርኩ። አንድ ጓደኛዬ «ገመድህ ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ጫፉ ወርቅ የተቀባውን ግዛ» አለኝ። ገዛሁ። አሁን እምምታው በወርቅ በኩል ይመጣል።

ቀጥሎ የመጣው የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ነው። አምፑን አየ፣ ስፒናውን ነቀለ፣ ፒንሳውን አወጣ። «ሦስተኛዋን እግር ልቁረጣት፣ ወዲያው ዝም ይላል» አለ። እውነቱን ነው፣ ዝም ይል ነበር። ግን ያቺ እግር እኮ ግራውንድ ናት። አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ፣ ከረንቱ በሷ በኩል ወደ መሬት ሄዶ ፊውዙን እንዲያቃጥል ነው የተሠራችው። እሷ ከሌለች 220 ቮልቱ ድምፅ ልቀንስ ብዬ እጄን እስክሰድ ይጠብቀኛል። ፒንሳውን ቀምቼው ሻይ ጋበዝኩት። ማንም «ቁረጣት» ቢላችሁ እናንተም ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

በመጨረሻ ራሴ ገመድ እየነቀልኩ መፈለግ ያዝኩ። መጀመሪያ ከሪሲቨሩ ድምፅ የሚያመጣውን ቀይና ነጭ ገመድ ከአምፑ ነቀልኩ፤ ጸጥ። ስለዚህ አምፑ ደህና ነው። መልሼ ሰካሁትና ከሪሲቨሩ ጀርባ የዲሹን ገመድ ፈታሁ። በዚህ ጊዜ ቀይና ነጩ እንደተሰካ ነው፣ ሪሲቨሩም እንደበራ። ድምፅ የለም! የዲሹን ገመድ ጫፍ በጣቴ ይዤ ሪሲቨሩን ነካ አደርጋለሁ፣ እምም፤ አነሳለሁ፣ ጸጥ። እምም፣ ጸጥ፣ እምም፣ ጸጥ። ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ድምፅ መጣ፦ «ኧረ ምን ሆነው ነው የሚደነባበሩት? እንዳትነካቸው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አምፔ በሦስት እግር ስፒናው ከኔ ክፍል ግራውንድ ጋር ተያይዟል። ሪሲቨሬ ስፒናው ሁለት እግር ብቻ ስለሆነ ከደሙ ንጹሕ ይመስላል። ግን ዲሹ የጋራ ነው። ከአንዷ ኤልኤንቢ፣ ዲሹ ፊት ካለችው ሲግናል ተቀባይ፣ አንድ ገመድ ወደኔ፣ አንድ ገመድ ወደ እትዬ ሳሎን ይወርዳል፤ የሁለቱም ገመዶች የውጭ ሽቦ፣ ያ የተጎነጎነው፣ እዚያ ጣሪያ ላይ ይገናኛል። ከዚያ በሳቸው ሪሲቨርና ቴሌቪዥን አልፎ ወደ ትልቁ ቤት ግራውንድ። ስለዚህ የሁለታችን ቤት ግራውንድ በመብራት መስመሩም ተገናኝቷል፣ በኔ ቀይና ነጭ ገመድም ተገናኝቷል። ክብ ሠራ ማለት ነው፣ ግራውንድ ሉፕ የሚሉት። ሁለቱ ግራውንዶች መካከል ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ካለ ከረንት በዚያ ክብ ይዞራል። ከሪሲቨር የሚወጣው የድምፅ ሲግናል ራሱ አብዛኛውን ጊዜ 1 ቮልት አይሞላም፣ ጥቂት ሚሊቮልት ቢቀላቀልበት በደንብ ይሰማል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፣ ወደ 15 አምፔር ገደማ። እንደኛ ግቢ ባለ እየተቀጠለ የተዘረጋ የድሮ ሽቦ ላይ ያን ያህል ሲሄድ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ንቦቹም ይጮሃሉ። እትዬ ይህን በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል፦ «የእንጀራ ሽታ ሲደርሳቸው ደስ ይላቸዋል።»

የዲሹን ገመድ እንዳልቆርጠው፣ ኤልኤንቢዋ 13 እና 18 ቮልት የምታገኘው በዚያው ገመድ ነው፤ ቢቋረጥ ቴሌቪዥንም የለም። ስለዚህ መርካቶ ሄጄ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ነገር ገዛሁ። ውስጡ ሁለት ትናንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ፣ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ድምፁ በማግኔት ይሻገራል፣ ሽቦ ከሽቦ ግን አይነካካም። በሪሲቨሩና በአምፑ መሃል ሰካሁት። ክራሩ ብቻውን ቀረ! ርካሹ ዓይነት ቤዙን ትንሽ ይበላል፣ እኔ ግን ቤዝ የት አባቱ ብያለሁ። (ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከር ውስጥ «ትርር ትርር» የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ በአየር የሚገባ ነው፣ ስልኩን ከገመዶቹ ማራቅ ይበቃል።)

አሁን ሥራዬ ይኸውላችሁ። የእትዬ ምጣድ ክዳን ሲንኳኳ ስሰማ ሮጬ አይሶሌተሩን ነቅዬ ገመዱን በቀጥታ እሰካለሁ። እሳቸው በማድ ቤት በኩል ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው «እደጉ፣ ተባዙ» ይላሉ። ጋግረው ሲጨርሱ መልሼ አስገባዋለሁ። ኪራዩም ባለበት አለ።

ባለፈው ሳምንት ግን አዲስ ነገር መጣ። ንብ አናቢ ዘመዳቸው ከገጠር ሊመጣ ነው፣ ኮርኒሱን ከፍቶ ማር ሊቆርጥ። ግማሹ ያንተ ነው ብለው ቃል ገብተውልኛል። እሑድ ይደርሳል። ከቅዳሜ በፊት ኮርኒስ ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል ማር የት እንደሚገኝ የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ፣ ከነሰፈፉ ቢሆን ይመረጣል።