ጫት፣ ተማሪና ሎጂስቲክ ሪግሬሽን፦ 3.5 ማለት 3.5 እጥፍ አይደለም

ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጫት መቃም በሚሠሩ የመመረቂያ ጥናቶች ሎጂስቲክ ሪግሬሽኑን (አዎ ወይም አይ የሆነ ውጤት ከምን ከምን ጋር እንደሚያያዝ የሚያሰላውን ዘዴ) ማስኬድ ቀላሉ ሥራ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ በፊት ኮድ ሲሰጥ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ውጤቱ ሲነበብ ነው።

«አዎ=1፣ አይ=2» ተብሎ የገባ ዳታ ላይ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) የሚተነብየው ትልቁን ቁጥር፣ ማለትም የማይቅሙትን ነው። ሁሉም ይገለበጥና የሚቅም ጓደኛ መኖሩ ከጫት የሚከላከል ይመስላል። መጀመሪያ የሚቅም=1፣ የማይቅም=0 ብላችሁ ሪኮድ አድርጉ። ሌሎቹ ምድቦች የሚወዳደሩበት ማነጻጸሪያም ካልነካችሁት የመጨረሻው ምድብ ይሆናል፤ «ፈርስት» መርጦ «ቼንጅ»ን ሳይጫኑ መውጣት ምንም አይለውጥም።

በለመድነው የናሙና መጠን ቀመር (50 በመቶ ስርጭት፣ 5 በመቶ ስህተት፣ 95 በመቶ መተማመኛ) 384 ይወጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲታከል 423። ይህ ግን የቃሚዎችን ድርሻ ለመገመት እንጂ ለሪግሬሽን የተሰላ ቁጥር አይደለም። ከ423ቱ የሚቅሙት 15 በመቶ ከሆኑ 63 ሰው ብቻ ነው ያላችሁ። ለአንድ ተለዋዋጭ ቢያንስ 10 ቃሚ በሚለው ሻካራ ልማድ ሞዴሉ የሚችለው 6 ያህል ነው፤ 5 ምድብ ያለው ጥያቄ ብቻውን 4ቱን ይወስዳል፤ ከማነጻጸሪያው ውጪ ያለው እያንዳንዱ ምድብ እንደ አንድ ተለዋዋጭ ይቆጠራልና። አንዱ ምድብ ውስጥ ጭራሽ ቃሚ ከሌለ ደግሞ የመተማመኛው ክልል (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል የሚባለው ወሰን) ማለቂያ የሌለው ይሆናል። ያኔ ትርጉም በሚሰጥ መንገድ ምድቦችን አዋህዱ፣ አለዚያ የፈርዝን ዘዴ (ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር የተስተካከለ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን) ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ርዕሱ። ለምሳሌ የሚቅም ጓደኛ ካላቸው 60 በመቶው፣ ከሌላቸው 30 በመቶው ይቅማሉ እንበል። ኦድሱ (የሚቅሙት ለማይቅሙት ሲካፈሉ) በመጀመሪያዎቹ 60 ለ40፣ ማለትም 1.5 ነው፤ በሁለተኞቹ 30 ለ70፣ 0.43 ገደማ። ሁለቱ ኦድሶች ሲካፈሉ 3.5፤ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚሰጠው ይህን ቁጥር ነው። በመቶኛው ግን ልዩነቱ 2 እጥፍ ብቻ ነው! «3.5 እጥፍ የመቃም ዕድል አላቸው» ብሎ የጻፈ ሰው ነገሩን አጋንኖታል። ሁለቱ ቁጥሮች የሚቀራረቡት ድርጊቱ ብርቅ ሲሆን፣ በግርድፉ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ «ኦድሱ 3.5 እጥፍ ነው» በሉ፤ ወይም ሮበስት ስታንዳርድ ኤረር ያለው ፖይሰን ሪግሬሽን ሠርታችሁ የስርጭት ንጽጽሩን (የመቶኛዎቹን ጥምርታ፣ እዚህ 2) አቅርቡ።

«ጓደኛ አስጀመረው» የሚለውም ከአንድ ጊዜ መጠይቅ አይወጣም፤ የሚቅም ተማሪ የሚቅም ጓደኛ ይፈልጋልና። ቢያንስ መቃም የጀመረበትንና ከጓደኛው ጋር የተዋወቀበትን ዓመት ለየብቻ ጠይቁ።