ትዕግሥቴ ለሞቱት ነው

ዛሬ የሚያስከፋ ነገር አልገጠመኝም። ብቻ ደብሮኛል። ከሰዓቱ እንደ ጉድ ተጎተተ። ስልኩም ዝም፣ እኔም ዝም። እንዲህ ባለ ቀን ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ፤ አዲስ ልብ ወለድ እገልጣለሁ።

ገለጥኩ። ስንቱ ሰው «አንብቢው፣ አንብቢው» እያለ ጆሮዬን ያደነቆረበት መጽሐፍ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ደራሲው በሕይወት አለ፣ ኋላ እንተዛዘባለን። ገጽ አርባ አካባቢ ሴትዮዋ አንድ ብርጭቆ ታጥባለች። በሳሙና ታሸዋለች፣ ታለቀልቀዋለች፣ ወደ ብርሃን አንስታ ታየዋለች። ጠርዙ ላይ የከንፈር ቀለም አለ። ቀለሙ የእሷ አይደለም። እንደገና ታጥበዋለች። አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ! መጽሐፉን ደረቴ ላይ ደፋሁትና «ኧረ በቃሽ፣ አስቀምጪው!» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ይቺው ብርጭቆ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ደራሲ መጽሐፍ ውስጥ ብትሆንስ? «አቤት ረቂቅነት! በአንድ ብርጭቆ ትዳሩን ሁሉ አሳየን» እል ነበር። በእርሳስ አሰምርበት ነበር። እህቴ ጋ ደውዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ እያለችኝ፣ በግድ አነብላት ነበር።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በዛብህ ጋ ከመድረሱ በፊት የወላጆቹን ታሪክ ተረጋግቶ ይተርካል። ቦጋለና ውድነሽ ተገናኝተው ጎጆ እስኪወጡ በዛብህ የሚባል ሰው የለም። እኔ አንድም ቀን «ዋናው ሰውዬ የታለ?» ብዬ አላውቅም። እንዲያውም ያንን ክፍል እየተመለስኩ አነበዋለሁ። በቅርቡ የጀመርኩትን አዲስ ልብ ወለድ ግን ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ አያት ማውራት ሲያበዛብኝ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ዘጋሁት። «አርታኢ የሚባል ሰው ጠፋ እንዴ?» ብዬ ነው የዘጋሁት፣ ያውም በንዴት።

የሞተ ደራሲ ሲሰለቸኝ የምጠረጥረው ራሴን ነው። ደክሞኝ ይሆናል። አልበሰልኩ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ይገባኝ ይሆናል። በሕይወት ያለው ሲሰለቸኝ ግን ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ይህንን ለእህቴ ነገርኳት። እሷ መልስ አታጣም። «አሮጌ መጽሐፍ ተበጥሮ ነው የሚደርስሽ» አለችኝ። «ገለባውን ጊዜ ጠርጎታል። አዲሱን የምታበጥሪው ራስሽ ነሽ፤ ገለባው ዓይንሽ ውስጥ ቢገባ ምን ይገርማል?»

ጥሩ ብላለች። ግን ጊዜ እጅ የለውም። የሚያበጥረው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይደክመዋል፣ ይደብረዋል፣ ከሰዓቱ ይጎተትበታል። የአሜሪካዊው ደራሲ የኸርማን ሜልቪል «ሞቢ ዲክ»፣ ያ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ልብ ወለድ፣ የደረሰበትን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1851 መጀመሪያ የወጣው ለንደን ውስጥ ነው፣ በሦስት ቅጽ። በዚያ እትም መዝጊያዋ ክፍል፣ ተራኪው ከመርከቡ መስጠም እንዴት እንደተረፈ የምትናገረዋ፣ ሳትገባ ቀረች። አጭር ናት፤ ግን ያለ እሷ ታሪኩን የሚነግረን ሰው የለም። አንዳንድ ሐያሲያንም ይህንኑ ይዘው ተነሡ፤ ሁሉም ካለቁ ማን ተርፎ ነው የሚተርክልን አሉ። ሰዎቹ ምን ያድርጉ? የደረሳቸው መጽሐፍ እንደዚያ ነበር። መጽሐፉ ደራሲው በሕይወት እያለ የተሸጠው ከአራት ሺህ ቅጂ በታች ነው። ሜልቪል ኒው ዮርክ ውስጥ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ ለሃያ ዓመት ገደማ ሠርቶ በ1891 አረፈ። ዓለም ዞር ብሎ መጽሐፉን ያየው በ1920ዎቹ ነው።

እኔ ያኔ ለንደን ብኖርስ? አውቀዋለሁ እኮ። የዓሣ ነባሪን ዓይነት አንድ በአንድ የሚዘረዝረው ምዕራፍ ላይ ስደርስ እዘጋው ነበር። መዝጊያው መጉደሉንም ሳልሰማ እቀር ነበር፤ እዚያ ማን ደርሶ!

ግን ለራሴም ልሟገት። የድሮ ልብ ወለድ ውስጥ አሰልቺው ነገር ራሱ ወሬ ነው። ሰዎቹ መብራት እንዴት እንደሚያበሩ፣ ደብዳቤ ስንት ቀን እንደሚጠብቁ፣ እንግዳ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ፣ ሁሉም ለእኔ አዲስ ነው። የዛሬው ደራሲ ግን የሚያሳየኝ የእኔኑ ቤት ነው። ብርጭቆ ማጠብማ እኔም አጥባለሁ፤ ለዚህ ደራሲ ምን ያስፈልገኛል? በዚያ ዘመን የነበሩ አንባቢዎችም ይህንኑ ብለው ይሆናል። «ፋኖስ ማብራትማ እኛም እናበራለን» ብለው መጽሐፉን ወርውረውት ይሆናል። እንዲህ ሳስበው ለራሴ የጀመርኩት ሙግት በራሴ ላይ ዞረ። ልተወው።

ስለ መጽሐፍ አመራረጤ ስትጠይቁኝ ስለነበር በዚያው ልናገር። የጀርባ ሽፋን አላነብም። እዚያ ላይ የማይደነቅ መጽሐፍ የለም፤ ሁሉም «ከእጅ የማይወርድ» ነው። እኔ መሀሉን እገልጥና ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ቦታ እፈልጋለሁ። «ታናሽ ወንድምሽ፣ ያ ባለፈው ዓመት ከሥራ የተባረረው…» የሚል ሰው ካገኘሁ መጽሐፉን እመልሰዋለሁ። ወንድሟን አታውቀውም እንዴ? ለእኔ ብሎ ነው የሚነግራት። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ስለ ሌላ ነገር ከመለሰ ግን ልቤ ይከፈታል፤ ሰው ሲያወራ እንደዚያ ነዋ። የብርጭቆዋንም መጽሐፍ የያዝኩት በዚሁ መንገድ ነው። ባልየው «ውሃው ቀዘቀዘ?» ሲላት «እናትህ ደውላ ነበር» ትለዋለች። በቃ፣ ወደድኳት። እንዲህ መስማት የሚችል ደራሲ አንድ ገጽ ተኩል ብርጭቆ ያሳጠበው በከንቱ ላይሆን ይችላል። አላውቅም። እንድፈርድበት ያደረገኝ ሽፋኑ ላይ ያለው የኅትመት ዓመት ይሆን?

እህቴን አንድ ነገር ለመንኳት። «መጽሐፎቹን ሽፋናቸውንና የመጀመሪያ ገጾቻቸውን በወረቀት ለብጠሽ ስጪኝ። አዲስ ይሁን አሮጌ ሳላውቅ ላንብብ፣ እስቲ ልፈተን።»

ሳቀች። «ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዱ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሲሰካ ምን ልትሆኚ ነው?»

እውነቷን ነው። ደግሞ ሳቋን ሳትጨርስ «የአንቺስ የት ደረሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ያለውን ነገር ማለቷ ነው፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወሬ ልቀይር ብል እሷ ወይ ፍንክች። እሺ፣ ለእናንተም ልንገራችሁ፤ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ። የዋናዋ ገጸ ባሕርይ አያት ገና ባል እየመረጠች ነው።