ቼምቡር፣ ራጅ ካፑር ደጃፍ

ባለፈው ክረምት እናቴን ለልብ ህክምና ሙምባይ ይዣት ሄጄ ነበር። ቀዶ ጥገናው ተመስገን በሰላም አለቀ። በአምስተኛው ቀን ነርሷ "እሷ ትተኛ፣ አንተም ወጣ ብለህ ንፋስ ተቀበል" አለችኝ። የት እንደምሄድ ለመወሰን ጊዜ አልፈጀብኝም።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የህንድ ፊልም ነፍሱ ነበር። ጺሙን ሲላጭ የሚያንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረችው። ከሂንዲ አንድ ቃል አይችልም፣ ዜማዋን ግን አያዛንፋትም። ትርጉሟን የነገረው ህንዳዊ የሂሳብ አስተማሪው ነው። ጫማው የጃፓን፣ ሱሪው የእንግሊዝ፣ ቀይ ባርኔጣው የሩሲያ፣ ልቡ ግን የህንድ የሆነ ሰው መንገድ ለመንገድ እየዘፈነ ይሄዳል። ዘፈኑ በ1955 የወጣው "ሽሪ 420" የተባለ ፊልም ላይ ነው ያለው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ድምፁ የዘፋኙ የሙኬሽ ነው። ፊልሙ ላይ የሚዘፍን መስሎ የሚተውነው ሰውዬ ደግሞ ራጅ ካፑር።

ሃርበር በሚባለው መስመር ባቡር የራጅ ካፑር ስቱዲዮ ወደነበረበት የሙምባይ ሰፈር፣ ወደ ቼምቡር ሄድኩ። የባቡሩ በር አይዘጋም፣ ዝናቡ ገብቶ ግማሽ ጎኔን አራሰኝ። ከጣቢያው ባጃጅ ያዝኩ። "አር ኬ ስቱዲዮ" ስለው ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝና "እሱማ የለም፣ ፈርሷል" አለኝ። እንደፈረሰ አውቃለሁ፣ ቦታውን ብቻ አሳየኝ አልኩት።

ራጅ ካፑር በ1924 የተወለደው ፔሻዋር ነው፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ። አባቱ ፕሪትቪራጅ ስመ ጥር ተዋናይ ነበር። ልጁ ግን ከታች ነው የጀመረው። ቀረጻ ሲጀመር ካሜራ ፊት ሰሌዳ የሚያጋጭ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ፀጉሩን ሲያበጥር ቆይቶ፣ ሰሌዳውን ሲያጋጭ የአንዱን ተዋናይ ሰው ሰራሽ ጺም ይዞበት ነቀለው ይባላል። ዳይሬክተሩ ኪዳር ሻርማ በጥፊ አጮለው። በ1947 የመጀመሪያውን መሪ ገጸ ባህሪ የሰጠውም ያው ሻርማ ነው። በዓመቱ፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ራጅ የራሱን ፊልም ዳይሬክት አድርጎ ስቱዲዮውን ማቋቋም ጀመረ።

ከዚያ በ1951 "አዋራ" መጣ። አባቴ ይህን ፊልም ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ዳኛው ሚስቱን ጠርጥሮ ከቤት ያባርራታል፤ ልጁ መንገድ ላይ ያድግና ሌባ ይሆናል። ዳኛውን የሚጫወተው የራጅ እውነተኛ አባት ነው። ትንሹን ልጅ የሚጫወተው ታናሽ ወንድሙ ሻሺ። መጀመሪያ ላይ ችሎት የሚቀመጠው ሌላው ዳኛ ደግሞ አያቱ! ሶስት ትውልድ በአንድ ፊልም። አባትና ልጅ ችሎት ላይ ሲፋጠጡ ያ ፊት ለፊት መተያየት የትወና ብቻ አይመስለኝም። በሶቪየት ኅብረት ብቻ ወደ 64 ሚሊዮን ሰው ነው ያየው። እኛም አገር ትርጉም የማያስፈልገው ለዚህ ነው፤ አባቱ ያልተቀበለው ልጅ ሲያለቅስ ማን አይገባውም?

ባጃጁ ሲቆም ያየሁት ረጃጅም የመኖሪያ ህንፃዎች ነው። በመስከረም 2017 ስቱዲዮው ተቃጠለ። ለአሥርት ዓመታት የተጠበቁ አልባሳት አብረው ነደዱ። ቀረጻውም ወደ ሌላ ሰፈር ሸሽቶ ስለነበር ቤተሰቡ መልሶ መገንባቱ አያዋጣም ብሎ በ2019 ለሪል ስቴት ኩባንያ ሸጠው። ልጆቹን አልወቅሳቸውም። ግን አንዲት ክፍል እንኳ፣ አንዲት ባርኔጣ የምትቀመጥበት፣ ብትተርፍ ምን ነበረበት?

ዝናቡ ሲብስ አንድ ሱቅ በረንዳ ስር ተጠለልኩ። "ሽሪ 420" ውስጥ እሱና ተዋናይቷ ናርጊስ በአንድ ዣንጥላ ስር የሚቆሙት እንዲህ ባለ ዝናብ ነው። ዣንጥላዋን አንዴ እሱ ወደ እሷ ይገፋል፣ አንዴ እሷ ወደ እሱ ትመልሳለች። በዚያው ዘፈን የዝናብ ካፖርት ለብሰው የሚያልፉት ሶስት ሕፃናት የራሱ ልጆች ናቸው።

በ1970 ስድስት ዓመት የለፋበት፣ ከአራት ሰዓት በላይ የሚረዝም ፊልሙ ወድቆ ዕዳ ውስጥ ከተተው። በ1973 ልጁ ሪሺ በሚተውንበት "ቦቢ" ተነሳ። በግንቦት 1988 ደልሂ ላይ የአገሪቱን ትልቁን የፊልም ሽልማት ሊቀበል ተቀምጦ ሳለ አስሙ ተነሳበት። መቆም ሲያቅተው ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ከመድረክ ወርደው ሸለሙት። በወሩ አረፈ፣ በ63 ዓመቱ።

ሆስፒታል ስመለስ እናቴ ነቅታለች። "አገኘኸው?" አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ የእርጥቡን መንገድ ፎቶ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ አየችው።

"አባትህ መጀመሪያ የጋበዘኝ ራስ ሲኒማ ነው" አለች ቀስ ብላ፤ "ሲኒማው ሲያልቅ ዝናብ ነበር፣ አንድ ዣንጥላ ነበረችን። ትከሻው ሙሉ በሙሉ እስኪበሰብስ ድረስ ወደ እኔ እየገፋት አውቶቡስ ተራ ደረስን።"

ከዚያ እጅጌዬን ዳሰሰችና "አንተም በስብሰሃል፣ ቀይር" አለችኝ።