አንዲት ብራና ለማየት ኦክስፎርድ

ከለንደን ቪክቶሪያ የተነሳው አውቶቡስ ኦክስፎርድ ግሎስተር ግሪን እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። የመንገዱ ነገር አይነሳ። ሌሊቱ ግን ይነሳል፤ ያደርኩበት ማረፊያ ማሞቂያው አልሠራ ብሎ ካፖርት እንደደረብኩ ነጋ፣ ጠዋት ደግሞ ሻንጣ ለማስቀመጥ ሌላ ክፍያ ጠየቁኝ። ለንደን ያለ ሰው ደርሶ መልስ ቢያደርገው ይሻለዋል።

ዌስተን ላይብረሪ ብሮድ ስትሪት ላይ ነው፤ ከመናኸሪያው በእግር አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በ1602 የተከፈተው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ የቦድሊያን፣ አካል ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሕንፃው ታድሶ በ2015 ሲከፈት ሰፊው የመግቢያ አዳራሽ ለማንም ክፍት ሆኗል። ዐውደ ርእዩ በነፃ ነው። ካርድ የሚያስፈልገው ወደ ንባብ ክፍሎቹ ለሚገባ ሰው ብቻ ነው፦ ማንነቱንና አድራሻውን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ያመለክታል፣ ከዚያም እሳት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ላያስገባ ቃል ይገባል። መጽሐፍ ዘንድ የሚቀርብ ሰው አስቀድሞ ቃል መግባቱን ወድጄዋለሁ።

ቤቱ ከእኛ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ ሄደ፤ ሙሉው የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ከእሱ ቅጂዎች አንዱ እዚህ ቀርቶ፣ እንግሊዛዊው ምሁር ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የቀሩትን የብሩስ ብራናዎች ቤተ መጻሕፍቱ በ1843 ገዛቸው፤ ጀርመናዊው የግዕዝ ምሁር ዲልማን የግዕዙን ስብስብ ዘርዝሮ ካታሎጉን በ1848 አሳተመ። ይህን ሳላውቅ ብሄድ ኖሮ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር።

ኤግዚቢሽን ክፍሉ ጨለም ይላል፤ ከውጭ ብርሃን የገባ ዓይን እስኪለምድ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ብራናና ቀለም የሚታዩበት የተለመደው ልክ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት ይጠራቀማል እንጂ አይመለስም፤ ለዚህ ነው በእንዲህ ዓይነት ማሳያዎች ገጹን በየጥቂት ወሩ የሚገልጡት። ለእኛ ዲያቆን 50 ሉክስ ብዙ ነው፤ ጧፍ ይዞ በዚህ ሩቡ እንኳ በማይሞላ ብርሃን ሲያነብ ኖሯል። ጠቆር ያለ ልብስ መልበስ ይጠቅማል፤ ነጭ ሸሚዝ መስታወቱ ላይ ያንጸባርቅና ጽሑፉን ይሸፍናል።

ለማየት የመጣሁላት ብራና፣ የግዕዝ የጸሎት መጽሐፍ፣ ትንሽ ናት፤ ለልኳ በተሠራ አትሮንስ ላይ ተከፍታ፣ ቅጠሎቿ በቀጭን ግልጽ ማሰሪያ ተይዘዋል። ብራና እርጥበት ሲነካው ይነሳል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ማሰሪያው ከጠበቀ ጠርዙን ይቆርጠዋል፣ ከላላ ደግሞ ቅጠሉ ይዘላል። መስታወቱ የሚያሳየው ሁለት ገጽ ብቻ ነው። መጀመሪያ ተከፋሁ።

ማታ ስለ ብራና አያያዝ ንግግር ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ንግግር ቦታ አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ፣ ሩብ ሰዓት ቀድሞ መድረስና ከፊት መቀመጥ ያሻል፤ ከኋላ ስክሪኑ ላይ የቀለሙ ስንጥቅ አይታይም። የሰማሁት ሁሉ በተግባራዊ ሥራ ላይ ያተኮረ ነበር። የእኛ ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ ብራናውን አይበላውም፤ የአውሮፓው የብረት ቀለም ግን ውስጥ ገብቶ ይቦረቡራል። የእኛው በሽታ ሌላ ነው፦ ላይ ላዩን ስለሚቀመጥ ቅጠሉ ሲታጠፍ ይፈረፈራል። ስለዚህ ገጽ የሚገለጠው ከሥሩ በመዳፍ ተደግፎ ነው፤ በታጠበና በደረቀ ባዶ እጅ፣ ያለ ነጭ ጓንት፤ ጓንት ስሜትን ያደነዝዝና ጠርዝ ያስቀድዳል። የሰም ጠብታም አይፋቅም፤ መጽሐፉ በምን ብርሃን እንደተነበበ ምስክር ነው። ተናጋሪው ይህን ሲሉ የደብራችን መጻሕፍት ፊቴ መጡ፦ በማኅደራቸው ከችንካር ተሰቅለው፣ ዕጣን ጠጥተው፣ የገጻቸው ጥግ በአውራ ጣት ጠቁሮ። እኛ ቆሻሻ የምንለው ለእነሱ ታሪክ ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ወደ መስታወት ሳጥኑ ሄድኩ። ከንግግር በፊትም በኋላም ማየት እንጂ አንዴ ማየት አይበቃም። መለያ ቁጥሩንም ከመግለጫው ላይ ጻፍኩ፤ ካታሎጉን የሚከፍት፣ ምስሉ ኢንተርኔት ላይ ካለም የሚያስገኝ እሱ ነው። ክፍሉን የሚጠብቁት አዛውንት ሴትዮ ግንባሬን መስታወቱ ላይ ልለጥፍ ስል አይተው፣ «ከላይ አይመልከቱ፤ ጎንበስ ብለው ከጎን ይዩት» አሉኝ።

ጎንበስ አልኩ። ብርሃኑ አግድም ሲመታው ብራናው መልክዓ ምድር ሆነ፦ የፍየሏ ጠጉር የነበረበት ነጠብጣብ፣ የቀይ ቀለሙ ጉብታ፣ ከታች ጥግ አንዲት የጧፍ ጠብታ። በኅዳጉ ላይ ጸሐፊው መስመር ለማስመር በወስፌ የበሳቸው ቀዳዳዎች ቁልቁል ተሰልፈዋል። ከላይ ሦስተኛው ቀዳዳ ጎን አንድ ትርፍ ቀዳዳ አለ፤ ምንም መስመር አልወጣበትም። እጁ ስቶ ነበር፤ አጠገቡ እንደገና ወግቶ ቀጠለ።