ስሊም ደስቲን ስሰማ ዋልኩ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የአውስትራሊያውን የካንትሪ ዘፋኝ ስሊም ደስቲን ስሰማ ዋልኩ። የገበሬ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ዘፈኑን የጻፈው በ10 ዓመቱ ነው! እ.ኤ.አ. በ1957 ቢራ ስላለቀበት መጠጥ ቤት የዘፈነው ዘፈን አገር ምድሩን አዳረሰ። እኔን ግን ከዝናው በላይ የገረመኝ መንገዱ ነው፤ ከሚስቱ ከጆይ ማኪን ጋር (እሷም የዋዛ ዘፈን ደራሲ አልነበረችም) ተጎታች ቤታቸውን ከመኪና ጋር አስረው፣ አቧራ እየቃሙ፣ ራቅ ያሉትን የገጠር ከተሞች ሁሉ እየዞሩ ለከብት ጠባቂውም ለከባድ መኪና ሹፌሩም ሲዘፍኑ ኖሩ። የሲድኒ ኦሎምፒክ መዝጊያ ላይ፣ የኛ ገዛኸኝ አበራ ማራቶኑን ባሸነፈበት በዚያው ቀን፣ ጊታሩን ይዞ ወጣና ስታዲየሙን በሙሉ አብሮት አስዘፈነ። እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ76 ዓመቱ ሲያርፍ 106ኛ አልበሙን እየሠራ ነበር። በእውነት እንዲህ ያለ ሰው ያስቀናኛል።