ከሸኖ እስከ አንኮበር መንገድ፦ ላሞችና ትንንሽ እረኞች

ከላምበረት መናኸሪያ ስንነሳ ረዳቱ እግሬ ሥር ለተቀመጠች አንዲት የእጅ ሻንጣ 100 ብር አስከፈለኝ። ንዴቱ እስከ አለልቱ አብሮኝ ሄደ። ሸኖ ስንደርስ ረሳሁት፤ የባሰ አየሁ። ከፊታችን የሚሄድ አይሱዙ ሰንጋ አጭቆ ጭኗል። አንዱ ወድቆ ሌሎቹ ይረግጡታል፣ ላዩ ላይ የተቀመጠው ጎረምሳ ደግሞ ጅራቱን እየጠመዘዘ ሊያስነሳው ይታገላል። ከብት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያቆመው የኋላ እግሮቹን ነው፤ ለዚያም ጭንቅላቱን ወደፊት የሚወረውርበት ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። እንዲያ ተጨናንቆ ቦታውን ከየት ያመጣል? ጅራት መጠምዘዝ አጥንት ይሰብራል እንጂ በሬ አያስነሳም። ወለሉ ላይ አሸዋና ገለባ ቢነሰነስ፣ ሁለት በሬም ቢቀነስ፣ ያ ሁሉ ስቃይ ባልኖረ ነበር።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ብርዷ ግን የሌላ አገር ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ያደርሁበት ማረፊያ አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ሰጠኝ፣ ለሁለተኛዋ ተጨማሪ ክፈይ ተባልሁ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። ጠዋት መንገድ ዳር አንዲት ላም የሽንኩርት ልጣጭ የቀረበትን ፌስታል ስታላምጥ አየሁ። ፌስታል ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፤ እየተጠቀለለ ይከማቻል፣ ላሚቱ የጠገበች እየመሰላት ትከሳለች። የምግብ ትራፊ የሚጥል ሰው ፌስታሉን ፈትቶ ትራፊውን ብቻ ቢደፋ ምን ይጎድልበታል?

ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ በእግሬ ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድሁ ከአንድ የድንጋይ ቤት ደጃፍ፣ «ነይ ልጄ፣ ብርዱ ይገልሻል፤ እሳት ሙቂ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማያውቁኝ እናት ናቸው። የኩበቱ እሳት ዳር ቁጭ እንዳልሁ የማለቢያ ሰዓት ደረሰ።

ሰባት ዓመት የማይሞላው የልጅ ልጃቸው ጥጃውን ፈታ። ጥጃው ጡቶቹን በየተራ ጠባ ጠባ አድርጎ ግቷን በአፍንጫው ሲጎሽም ላሟ ወተቷን አወረደች። ልጁ ያን ጊዜ ጥጃውን ስቦ ፊቷ አሰረላት፤ እሷ ትልሰዋለች፣ እማማ በወይራ በታጠነው ቅል ያልባሉ። ያገራችን ላም ብዙ ጊዜ ጥጃዋ አጠገቧ ከሌለ ወተት አታወርድም። ወተቱን የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ነው፤ ጡቷ ከተነካ በኋላ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይሠራል፣ ኃይሉም የጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ማለብ ከተጀመረ በኋላ ወሬ የለም። ከተመታች ወይም ከደነገጠች አድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይህን ሥራ ያግደዋል፤ ወተቱ ግቷ ውስጥ እያለ አይወርድም። ስንቱ ሰው «ከለከለችኝ» ብሎ እንደገና ይመታታል!

እማማ አንዱን ጡት ሳይነኩ ለጥጃው ተዉት። በመጨረሻ የሚወርደው ወተት ከፊተኛው ይልቅ ቅባት አለው፤ ለቅቤ ብሎ እሱንም አሟጥጦ የሚያልብ ቤት ጥጃው ይቀጭጭበታል።

ልጁ ወደ ላሟ የሚቀርበው በጎን ነው፣ «ዳልቻ፣ ዳልቻ» እያለ። የላም ዓይን በግራና በቀኝ ስለሆነ ዙሪያዋን ታያለች፤ በቀጥታ ከኋላዋ ያለውን ግን አታይም፣ ሳታውቅ የነካትን ትራገጣለች። እማማ የሚሰጡት በትርም ቀጭን ነው። ዓይን፣ ቀንድ፣ ወገብና ሆድ እንዳይነካ አስጠንቅቀውታል፤ ያረገዘች ላም ሆዷን ከተመታች ልታስወርድ ትችላለች። እሱም ይህን ሁሉ ሳይጠየቅ ነገረኝ።

መስኩ ማገጥ በሚባል ለምለም የከብት መኖ ተሸፍኗል። ልጁ ግን ጤዛው እስኪረግፍ ከብቱን አላወጣም፣ አስቀድሞ የገብስ ገለባ ሰጣቸው። ለጋና እርጥብ ማገጥ በባዶ ሆድ ሲበላ ጨጓራ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ጋዙ በአረፋው ስለሚያዝ ግሳት ሆኖ አይወጣም፤ የግራ ጎኗ ይነፋል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እንዲህ ከሆነች የፊት እግሮቿ ከፍ ባለ ቦታ እንዲሆኑ ማቆም፣ እንድታላምጥ አፏ ላይ እንጨት በአግድም ማሰር፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት ቀስ እያሉ ማጠጣት ነው። ሲያጠጧት አፍንጫዋ ከዓይኗ በላይ ከፍ እንዳይል፤ ጭንቅላቷን ሽቅብ ከወጠሩት ዘይቱ ሳንባዋ ይገባና ከመነፋቱ ብትድንም በሳምባ ምች ትሞታለች። ጎኗን በቢላ መብሳት ለሐኪም የሚተው ነው።

እኔ ባደግሁበት ቆላ ከብት ደጅ በረት ውስጥ ያድራል። እዚህ ውርጭ ስላለ ጋጡ ከሰው መኝታ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው፣ ይህን ወደድሁት። ልጅ ሆነን እንገር ሲፈላ ምድጃውን ከበን እንጠብቅ ነበር፤ እናታችን ግን ጥጃው ሳይጠግብ አንዲት ማንኪያ አታቀምሰንም። ትክክል ነበረች፦ ጥጃ በሽታ መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም ያን መቀበል የሚችለው አንድ ቀን ያህል ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ከሁሉ ይበልጣሉ። እማማም ጋ ሕጉ ያው ነው።

ገንዘብ ብዘረጋላቸው ተቆጡኝ። አንኮበርን በጭጋግ ውስጥ ደርሼ ተመለስሁ፣ ያየሁት የለም። በዚያ መንገድ የምትሄዱ ማለቢያ ሰዓት ከገጠማችሁ ከላሟ ራቅ ብላችሁ በምታያችሁ በኩል ቁሙ፣ ስልካችሁን ድምፅ አጥፉ፤ ፎቶ ማንሳት ካማራችሁም ታልባ እስክታበቃ ጠብቁ።