ከማን ጋር ነው የመጣሽው?

ባለፈው ክረምት ነው፣ ጅማ ዝናቡ እንደለመደው ሳያባራ ይወርዳል፣ ትምህርት ተዘግቷል፣ እኔ ደግሞ አስጠኚ ነኝ፣ ክረምት ሲመጣ ወላጆች «ቤት ተቀምጠው ስልክ ሲነካኩ ከሚውሉ አንቺ ጋ ይምጡ» እያሉ ልጆቻቸውን ይልኩልኛል። አምስት ሴቶች ሆኑ፣ ትንሿ 15 ትልቋ 18። ሰዋስው ልጀምር ስል ፊታቸው ጥውልግ ሲል አየሁና በቃ ተዉት ልብወለድ እናንብብ አልኳቸው። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው፣ እቅድ ምናምን አልነበረም።

በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጀመርን። የአባቴ ኮፒ ነው፣ ሽፋኑ የለም፣ አንድ መጽሐፍ ለስድስት ሰው። በዙር ጮክ ብለን እናነባለን፣ አንዷ ስታነብ ሌላዋ በቆሎ ትጠብሳለች፣ ሌላዋ ቡና ትቆላለች። ውፍረቱን አይተው ደንግጠው ነበር፣ እኔም ሙሉውን እንጨርሳለን ብዬ መፎከሬ ስህተት ነበር፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነቃሁና ሰብለወንጌል ያለችበትን እየመረጥን መሀሉን እኔ በቃል መተረክ ጀመርኩ። እንደዚህ ልትሞክሩ የምታስቡ ካላችሁ ከመጀመሪያውኑ እንደዛ አድርጉት።

የአንዷ እናት የምናነበውን ስትሰማ በሳቅ ሞተች። «ያቺን ልጅ ያጠፋት አስጠኚ አይደል እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለን ሊያስተምር ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የልጆቹ ፍርድ ነው። ሰብለና በዛብህ ገና መፋቀር ሲጀምሩ «ኧረ አበዛችው!» «እሷ ናት የጀመረችው» «ቤተሰቧን አዋረደች» ምናምን፣ አምስት ሴት ልጆች በአስር ደቂቃ ውስጥ የሰፈር ሽማግሌ ሆነው ቁጭ አሉ። የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ዘሩ አይመጥንም እያሉ ሲመልሱ ልጅቷን ቆማ እንድትቀር ያደረጓት አባቷ ላይ አንድም ቃል የተናገረ የለም። ለሷ ማን አዘነላት ከተባለ ጉዱ ካሳ ነው፣ እሱንም ስሙን ተመልከቱት፣ ካሳ የሚባለውን ሰውዬ አገሬው «ጉዱ» ብሎ ፈርዶበት ፍርዱ ስም ሆኖ ቀረ፣ እኛም እስከዛሬ የምንጠራው በሐሜተኞቹ አፍ ነው።

በነጋታው አንድ ደብተር አምጥቼ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት፣ በአንድ በኩል «ምን አደረገች» በሌላ በኩል «ማን አወራ»። ደንቡ ቀላል ነው፣ ስለ አንዲት ሴት ልጅ ክፉ ቃል በተነገረ ቁጥር መጀመሪያ የሠራችውን ነገር ብቻ ትጽፊያለሽ፣ ከዛ ክፉ ያለውን የተናገረው ማን እንደሆነ ትጽፊያለሽ። ምን ልበላችሁ፣ የግራው በኩል ሁለት ሦስት መስመር ሆኖ የቀኙ ገጽ ይሞላል። ካደረግኩት ሁሉ የሠራው ይሄ ደብተር ነው፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ተለውጣ ከቤት የወጣችበት ጋ ስንደርስ ስለ ጦቢያ ነገርኳቸው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ነው፣ በፈረንጅ 1908 ሮም ላይ የታተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድ የሚባለው። እሷም መንገድ ስትወጣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ይሄን ስል ከልጆቹ ዝምተኛዋ ሂጃቧን እያስተካከለች «ታዲያ በራሷ ቀሚስ መንገድ የሄደች የለችም?» አለች። መልስ አልነበረኝም፣ ማታ ተኝቼ ሳስብ ግን ትዝ አለኝ፣ አለች!

«ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» የሚባለውን የጄን ኦስተንን የእንግሊዝኛ ልብወለድ በስልክ ነው ያነበብነው፣ እኔ እንግሊዝኛውን አነብና በኛው ወሬ አድርጌ እተርክላቸዋለሁ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኤልዛቤት እህቷ ሰው ቤት ሄዳ ታማባታለች፣ ሠረገላ የለም፣ ስለዚህ ብቻዋን ሦስት ማይል በእግሯ ትሄዳለች፣ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ከመሀል ከተማ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ከመውጣት እንኳ ያንሳል። ከደረሰች በኋላ የቤቱ ሴቶች ከክፍሉ ወጣ እስክትል ጠብቀው ጀመሩ፣ የውስጥ ቀሚሷ ስድስት ኢንች ጭቃ ነክቶታል፣ ጸጉሯ ተበታትኗል፣ ሴት ልጅ ብቻዋን እንዲህ ትሄዳለች ወይ! ስድስት ኢንች ስንዝር አይሞላም። ልጆቹ እርስ በርስ እግራቸውን አይተው ሳቁ፣ የሁሉም ቦቲ በር ላይ ተደርድሯል፣ የአንዷ ታይት እስከ ጉልበቷ ቀይ ጭቃ ነው፣ ከቆጪ ሰፈር ድረስ በዛ ዝናብ መጥታ ነዋ። ጅማ ውስጥ ሐምሌ ላይ ይሄን ምዕራፍ ለማስረዳት አስተማሪ አያስፈልግም።

እዛው ጋ በቤቱ በእንግድነት ያለውን ሀብታሙን ዳርሲን ያንተ እህት እንደዚህ ብታደርግ ትወዳለህ ወይ ሲሉት በጭራሽ ይላል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ምክንያቱም በኋላ እንደምንሰማው ይቺው እህቱ ጆርጂያና በ15 ዓመቷ ዊካም ከሚባል ሰው ጋር ልትጠፋ ተስማምታ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ለወንድሟ ነገረችውና ነገሩ እዛው ተቀበረ፣ የራሷ 30,000 ፓውንድ ሀብት ያላት ጨዋ ልጅ ሆና ቀጠለች። የኤልዛቤት ታናሽ ሊዲያ ደግሞ 16 ሳይርቃት ከዛው ሰውዬ ጋር ጠፋች፣ አገር ሁሉ ሰማ፣ ዘመዳቸው ቄሱ ኮሊንስ ከዚህስ ብትሞት ይሻል ነበር ዓይነት ደብዳቤ ለአባቷ ጻፈ፣ የእህቶቿም የትዳር ነገር አበቃለት ተባለ። ዊካም ዕዳው ተከፍሎለት ሹመት ተገዝቶለት ነው ያገባት።

እርግጥ ሊዲያ በእውነት ጠፍታለች፣ ጆርጂያና አልጠፋችም፣ ልዩነት የለም አልልም። ግን ዝምተኛዋ ልጅ ደብተሩን ወስዳ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፈችና ጆርጂያና ጋ «ማን አወራ» የሚለውን ባዶ ተወችው። «ቲቸር፣ ያቺ ሰው አልሰማባትም እኮ» አለች። እኔ ይሄን መጽሐፍ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሁለቴ አንብቤ እንደዛ አስቤው አላውቅም። (ጸሐፊዋ ጄን ኦስተን ራሷ የመጀመሪያ መጽሐፏን በፈረንጅ 1811 ስታሳትም ስሟን አልጻፈችም፣ «በአንዲት ወይዘሮ» ብቻ ነው የሚለው። ይሄን ስነግራቸው ማንም አልገረመውም።)

አሁን ወደራሴ ጥፋት ልምጣ። ልክ ሊዲያን በጨረስን በሁለተኛው ቀን በር ላይ ቆሜ ዝናቡን እያየሁ ባጃጅ ቆመ፣ ከልጆቹ አንዷ ወረደች፣ ውስጥ አንድ ወጣት ልጅ አለ፣ እጁን አውለበለበላትና ባጃጁ ሄደ። እኔ ሰላም እንኳ ሳልላት «ከማን ጋር ነው የመጣሽው?» አልኳት፣ ድምፄም ዝቅ ያለ አልነበረም፣ አጠገባችን በረንዳቸው ላይ ቡና የሚያሰጡ ጎረቤት አሉ፣ ቀና ብለው አዩን። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፣ መልስ ሳትሰጠኝ ገባች፣ ያን ቀን አንድ ቃል አላነበበችም።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እናቷ ደወለች። «አስጠኚዋ ራሷ በር ላይ አስቁማ ጠየቀቻት አሉ፣ እውነት ነው?» ከዛ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ቀረች።

አያችሁ፣ ጎረቤታችን ብቻቸውን ቢያወሩ ኖሮ እናትየው ምናልባት ትስቅ ነበር፣ ወሬውን እውነት ያስመሰለው የኔ ጥያቄ ነው፣ አስተማሪዋ ከጠረጠረች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ስለ ልጅየው ማንነት እስካሁን አላውቅም፣ ላውቅም አልፈልግም፣ የአጎቷ ልጅ ቢሆን የኔ ነገር ይቀላል ብዬ እንደማስብ ግን ራሴን ያዝኩት፣ እሱም ያው አንድ ፍርድ ነው።

ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ፣ እስከ ሁለተኛው ድረስ ስለ ስኳር ውድነት አወራን።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺን አልቀየምኩም» አለች ሲኒዬን እየቀዳች፣ «አንቺ እንኳ ተጠራጥረሽ ከጠየቅሽ ሌላው ሰው ምን ይል? እሱን ነው የፈራሁት።»

ምንም መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ጓዳ ሆና እየሰማች ነበር፣ የሲኒ ድምፅ ቆሞ ነበርና አወቅኩ፣ ስለዚህ ይቅርታዬን ትንሽ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ከዛ በኋላ የለወጥኳቸው ነገሮች ጥቃቅን ናቸው፣ 11 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን፣ ምን እያነበብን እንደሆነ ለእናቶች እኔው ቀድሜ እነግራለሁ፣ ሁለቱ ደግሞ እየመጡ ቁጭ ብለው መስማት ጀመሩ፣ አንዷ ፊታውራሪ መሸሻን የምትሳደበው ስድብ እዚህ አይጻፍም። ስትመጣ የዘገየች ልጅ ደግሞ የምትጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፣ በሰላም ነው የደረስሽው? በቃ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ መጣች። ገበያ ቀን ስለነበር እናቷ አቮካዶ በፌስታል ልካልኛለች። ምንም አላልኳትም እሷም ምንም አላለችኝም፣ ቦቲዋን አወለቀችና ደብተሩን ከመደርደሪያው አንስታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሲሄዱ ከፈትኩት። በግራ በኩል በሰማያዊ ቢክ «ባጃጅ ተሳፈረች» ይላል። በቀኝ በኩል «ቲቸር»።